የባሕር ከፍታ መዝገብ ሲገመገም፦ መጀመሪያ ዜሮውን ፈልግ

ጥያቄ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የባሕር ጠለል ለውጥን እያጠናሁ ነው። ሊቨርፑል ካለው የአማካይ ባሕር ጠለል መረጃ ማዕከል ረጅም ዕድሜ ያላቸውን የወደብ መለኪያ መዝገቦች አወረድኩ። ስቶክሆልም ላይ ባሕሩ በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ እየወረደ ነው፤ ማኒላ ላይ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ እየወጣ ነው፤ የየመኗ ወደብ የኤደን መዝገብ ደግሞ ክፍተት የበዛበት ነው። አማካሪዬ «ጥራታቸውን ገምግመህ የማይረቡትን አስወግድ» ብለውኛል። ጥሩውን ከመጥፎው የምለየው በምንድን ነው? ስቶክሆልምንና ማኒላን ላውጣቸው? ኤደንስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ስቶክሆልምንም ማኒላንም አታውጣ። ሁለቱን የጠረጠርካቸው የሰጡህ ቁጥር ካሰብከው ስለራቀ ነው። ቁጥሩ አልዋጥልህ ስላለ መዝገብ መጣል በዚህ ሙያ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ የምትጠብቀውን መልስ የሚሰጡህን ጣቢያዎች ብቻ ታስቀርና መጨረሻ ላይ ያንኑ መልስ «አገኘሁ» ትላለህ። አማካሪህ ያሉህ ልክ ነው፣ ጥራት መገምገም አለበት። የምትገመግመው ግን ቁጥሩ እንዴት እንደተለካና ከምን ተነሥቶ እንደተቆጠረ ነው፤ መስመሩ ወዴት እንዳዘነበለ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መሣሪያው ምን እንደሚለካ አስቀድመን እንግባባ። ወደብ ላይ ያለ መለኪያ የውኃውን ከፍታ የሚነግርህ እሱ ራሱ ከቆመበት መሬት አንጻር ነው። መሬቱ ከተነሣ ባሕሩ የወረደ ይመስላል፤ መሬቱ ከሰጠመ ባሕሩ ከእውነቱ በላይ የወጣ ይመስላል። ስካንዲኔቪያ በበረዶው ዘመን እጅግ ወፍራም በረዶ ተጭኖት ነበር። በረዶው ከቀለጠ 10,000 ዓመት ገደማ ቢሆነውም መሬቱ ሸክም እንደወረደለት ትከሻ ዛሬም ቀና እያለ ነው፤ ስቶክሆልም አካባቢ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሣል። የሙቀት መለኪያ ዲግሪ በስሙ የሚጠራለት አንደርስ ሴልሺየስ በ1731 በስዊድን ባሕር ዳርቻ አንድ አለት ላይ የውኃውን ልክ በምልክት አስቀርጿል። እሱ የመሰለው ባሕሩ እየጎደለ እንደሆነ ነበር፤ እየተነሣ ያለው አለቱ መሆኑ የታወቀው ከእሱ በኋላ ነው። የስቶክሆልም መዝገብ ከ1774 ጀምሮ የተያዘ ሲሆን በዓለም ካሉት ረጃጅምና የታመኑ መዝገቦች አንዱ ነው። ባሕሩ «ይወርዳል» ያለህ በትክክል ስለለካ ነው።

የማኒላውም እንዲሁ ነው። መዝገቡ የሚጀምረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን እስከ 1960ዎቹ ድረስ ጭማሪው መጠነኛ ነበር። ከዚያ በኋላ መስመሩ በድንገት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከተማው የከርሰ ምድር ውኃውን ያለ መጠን እየሳበ፣ የባሕሩንም ዳር በአፈር እየሞላ ሲሠራበት መሬቱ ሰጠመ። መለኪያው ያየውን መዝግቧል። ለማኒላ ነዋሪ ደጃፉ ድረስ የሚመጣው ውኃ ያ ነው፤ የወደብ ግንብ ለሚሠራ መሐንዲስም የሚያስፈልገው ቁጥር ይኸው ነው። አንተ የዓለም ውቅያኖስ ምን ያህል ጨመረ ብለህ ከሆነ የምትጠይቀው ግን የመሬቱን እንቅስቃሴ ሳትቀንስ ልትጠቀምበት አትችልም። የመዝገቡ ጥራት አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡ ላንተ ጥያቄ መሆን አለመሆኑ ሌላ ነገር ነው። በጽሑፍህ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጣቸው፤ እስካሁን ያነበብኳቸው ብዙ የተማሪ ሥራዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ባሕር ዳር አይደለም፤ ወንዝ ዳር ነው። ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ወንዙ ዳር ይተከላል፣ የአካባቢው ሰው ጠዋትና ማታ ወርዶ ያነብባል፣ በደብተር ይጽፋል። አንድ ጣቢያ ላይ የብዙ ዓመት ንባብ በወረቀት ላይ ስስል መስመሩ ከአንዱ ክረምት በኋላ እንደ ደረጃ ብድግ ብሎ እዚያው ቀጠለ። ዝናቡ አልጨመረም፤ ከላይም ከታችም ያሉት ጣቢያዎች ምንም አልታየባቸውም። ቦታው ድረስ ወርጄ አንባቢውን ስጠይቃቸው፣ ሽማግሌው ያለ ምንም መሸማቀቅ «ጎርፍ ገንድሶት ነበር፤ እኔው ነኝ መልሼ የተከልኩት» አሉኝ። ዘንጉ ከቀድሞው ጠልቆ ነበር የተተከለው፤ ስለዚህ ንባቡ ሁሉ ከፍ ብሏል። እሳቸው የሚገባቸውን አድርገዋል፤ እንዲያውም ሥራው እንዳይቋረጥ በገዛ ጉልበታቸው ነው የቆፈሩት። የጎደለው ከላይ ያለው መሥሪያ ቤት ዘንጉን ዳር ካለ ቋሚ ድንጋይ ጋር አለማገናኘቱና ለውጡን ማንም አለመጻፉ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም የውኃ ከፍታ መዝገብ ስከፍት የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ዜሮው የት ነው? ማንስ ጠበቀው?» የሚል ሆነ።

ባሕር ላይም ጥያቄው ያው ነው። መለኪያው ይሰበራል፣ ይቀየራል፣ ምሰሶው ይሰምጣል፣ ወደቡ ይፈርሳል። መዝገቡን መቶ ዓመት የሚያሻግረው በአካባቢው አለት ወይም ጠንካራ ሕንፃ ላይ የተተከለው ቤንች ማርክ የሚባል ቋሚ የከፍታ ምልክት ነው። ቀያሾች በየጊዜው ሌቨል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ተክለው የመለኪያው ዜሮ ከዚያ ቤንች ማርክ ስንት ሜትር ዝቅ እንደሚል ይለካሉ። አንድ ቤንች ማርክ ደግሞ አይበቃም፤ እሱ ራሱ ቢሰምጥ የሚመሰክር ስለሌለ ቢያንስ አምስት ይሁኑ፣ ልኬቱም በየዓመቱ ይደገም የሚባለው ለዚህ ነው።

ያወረድከውን ፋይል ተመልከት። የሊቨርፑሉ ማዕከል (ከ1933 ጀምሮ የሚሠራ ነው) ዳታውን በሁለት መልክ ያስቀምጣል። አንደኛው «ሜትሪክ» የሚባለው ሲሆን ጣቢያውን የሚያስተዳድረው አካል እንደላከው ያለ ነው። ሁለተኛው «አር ኤል አር» ይባላል፤ የቤንች ማርኩ ታሪክ ተመርምሮ ቁጥሮቹ ሁሉ ወደ አንድ መነሻ የመጡበት ነው። በአር ኤል አር ፋይል ውስጥ ቁጥሮቹ 7000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆኑ ግራ እንዳትጋባ። መነሻው ሆን ተብሎ ከአማካዩ ባሕር 7 ሜትር ያህል ዝቅ ተደርጎ የተያዘው ከዜሮ በታች ቁጥር እንዳይኖር ነው። ለረጅም ጊዜ አዝማሚያ የሜትሪኩን ፋይል አትንካ። በውስጡ እንደዚያ የወንዝ ዘንግ ያሉ ያልታወቁ ደረጃዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አር ኤል አር መሆኑም ብቻውን አያጠግብህ፤ ከእያንዳንዱ ጣቢያ ጋር የተያያዘውን የማስታወሻ ገጽ አንብብ። እዚያ ላይ «በዚህ ዓመት መለኪያው ተዛወረ»፣ «ይህ ወር አጠራጣሪ ነው» የሚሉ አጫጭር መስመሮች ታገኛለህ። ከቁጥሩ ይልቅ እነዚያን መስመሮች ብታነብ ይጠቅምሃል፤ ብዙ ሰው ግን አይከፍታቸውም።

ዜሮው ሲጠበቅ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግህ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኮርንዎል ውስጥ ያለውን ኒውሊን ተመልከት። የዓሣ አጥማጆች ትንሽ ወደብ ናት። በደቡቡ የወደብ ግንብ ጫፍ፣ ከመብራት ማማው ሥር አንዲት ጠባብ ቤት አለች፤ ውስጧ የነሐስ ብሎን ተቀብሯል። የእንግሊዝ የካርታ ሥራ ድርጅት ከ1915 እስከ 1921 ድረስ እዚያ የባሕሩን ከፍታ አስለክቶ አማካዩን የብሪታንያ የከፍታ መነሻ አደረገው፤ ብሎኑ ከዚያ መነሻ 4.751 ሜትር ከፍ ይላል። የብሪታንያ ተራሮች ቁመት የሚነገረው ከዚህች ክፍል ተነሥቶ ነው። አካባቢው ግራናይት አለት ነው፣ በቀላሉ አይሰምጥም። መለኪያዎቹ ተለዋውጠዋል፤ ብሎኑ ግን እዚያው ነው፣ እያንዳንዱም አዲስ መሣሪያ ከእሱ ጋር ተገናኝቶ ነው ሥራ የጀመረው። የኒውሊን መዝገብ በዓለም ካሉት ምርጦች አንዱ የተባለው ስለዚህ ነው።

ዜሮው ሲጠፋስ? የብሬስትን ነገር ስማ። ይህ የፈረንሳይ የጦር መርከብ ወደብ ከ1711 የሚጀምሩ የተቆራረጡ ንባቦች አሉት፤ ከ1807 ወዲህ ደግሞ ረጅም ተከታታይ መዝገብ ይዟል። በ1944 ክረምት ከተማው በጦርነት ፈረሰ፣ መለኪያውም ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ሌላ መሣሪያ ተተከለ። ታዲያ ከ1944 በፊትና በኋላ ያለው ዜሮ አንድ ነው ወይ? ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢለያይ የሁለት መቶ ዓመቱ ድካም ይበላሻል። ፈረንሳዊ ተመራማሪዎች መልሱን ያገኙት ቤተ መዛግብት ገብተው ነው፤ አሮጌ የልኬት ደብተሮችን፣ ደብዳቤዎችንና ንድፎችን እያገላበጡ የድሮውን ዜሮ በሕይወት ካሉ ቤንች ማርኮች ጋር መልሰው አገናኙት። ከዚያም 200 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ማዶ ካለው ከኒውሊን ጋር አስተያዩት፤ ሁለቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጎን ለጎን ሲሄዱ ታዩ። የብሬስት መዝገብ የታመነው በዚህ ሥራ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትምህርት አለው። መለኪያው በ1854 ፎርት ፖይንት ላይ ተጀመረ፣ በ1877 የባሕረ ሰላጤውን አፍ ተሻግሮ ሶሳሊቶ ሄደ፣ በ1897 ተመልሶ ፕሬሲዲዮ መጣ። አሜሪካኖቹ በዝውውሩ ጊዜ ልኬት ቢያካሂዱም 1897 አካባቢ የዜሮ መንሸራተት ያለ ይመስላል ብለው በግልጽ ያስታውቃሉ፤ አዝማሚያውንም ከ1897 ወዲህ ያለውን ለብቻው ያሰላሉ። መዝገቡን አልጣሉትም፣ አልደበቁትምም። ድንበሩን አስምረው «ከዚህ በኋላ ያለውን እናምናለን» አሉ። አንተም እንዲህ አድርግ።

ይህን ያህል በዜሮው ላይ ሙጭጭ ያልኩበትን ምክንያት በቁጥር ላሳይህ። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ በ40 ዓመት መዝገብ መካከል ላይ የ5 ሳንቲ ሜትር ያልተመዘገበ የዜሮ ለውጥ ገባ እንበል። ቀጥታ መስመር ስታስገባበት ባሕሩ ምንም ሳይነቃነቅ በዓመት 1.9 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚጨምር ይመስልሃል። የዓለም አማካይ ባሕር ከ1901 እስከ 2018 የወጣው 20 ሳንቲ ሜትር ነው ይባላል፤ በዓመት ሲካፈል 1.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ሰው መለኪያውን በአምስት ጣት ስፋት እንኳ ሳይሞላ ቢያዛንፈው የአንድ ክፍለ ዘመን የውቅያኖስ ለውጥ የሚያህል ሐሰተኛ አዝማሚያ ይፈጠራል ማለት ነው። ያው 5 ሳንቲ ሜትር በ100 ዓመት መዝገብ መካከል ቢገባ ግን ሐሰቱ ወደ 0.75 ይወርዳል። ርዝመት የሚከበረው አንዱ በዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ባሕሩ ራሱ በየአሥርና ሃያ ዓመቱ ስለሚዋዥቅ ነው። ነፋስ፣ የአየር ግፊት፣ ኤልኒኞ፣ 18.6 ዓመት የሚፈጀው የጨረቃ ምሕዋር ዑደትም አለ። ብሩስ ዳግላስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1991 ባወጣው የታወቀ ሥራ 60 ዓመት ያልሞላውን መዝገብ አልቀበልም ብሎ ከመላው ዓለም የቀሩለት 21 ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ።

ከዜሮው ቀጥሎ መሣሪያው ነው። የድሮዎቹ መዝገቦች በአብዛኛው የተገኙት በተንሳፋፊ ነው። በውኃው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ትልቅ ቱቦ አለ፤ ታችኛው ጫፉ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውኃ ቀስ ብሎ ይገባና ይወጣል፤ በዚህም የማዕበሉ ግርግር ይጠፋና ሙላትና ጉድለቱ ብቻ ይቀራል። ተንሳፋፊው በሽቦ ብዕር ያንቀሳቅሳል፣ ብዕሩም በሰዓት በሚዞር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ይስላል። ይህ መሣሪያ ሲታመም ምልክቱን በወረቀቱ ላይ ታገኘዋለህ። ቀዳዳዋ በጭቃ ወይም በባሕር ዛጎል ስትደፈን ኩርባው ይሟሽሻል፤ የሙላቱ ጫፍ ዝቅ፣ የጉድለቱ ጫፍ ከፍ ይልና ሁሉም ነገር ይዘገያል። የቱቦው ሥር ደለል ከሞላበት ደግሞ ጉድለቱ ሲደርስ መስመሩ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ይህኛው አማካዩን ወደ ላይ ስለሚገፋው ክፉ ነው። ሽቦው ከመዘውሩ ላይ አንድ ጊዜ ካመለጠ ደረጃ ይፈጠራል። ሰዓቱ ቢያዘግም ወይም ቢቀድም ለወርና ለዓመት አማካይ ብዙም አይጎዳም፤ ግን ከሙላትና ጉድለቱ ትንበያ ስትቀንሰው የሚቀርህ ልዩነት በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ሲወዛወዝ ታያለህ። ንጹሕ ቀሪ እንዲህ አይወዛወዝም። የሰዓት ዳታ ካገኘህ ከምንም በፊት ይህንን ቀሪ ሥራና በዓይንህ ተመልከተው። ኮምፒውተር ያልያዘውን ዓይን ይይዘዋል።

የመሣሪያውን ጤንነት በቦታው የሚፈትኑበት ቀላል ዘዴ አለ፤ በፈረንሳዊው ቫን ደ ካስቲል ስም ይጠራል። በአንድ ሙሉ የሙላትና የጉድለት ዑደት ውስጥ ሰው በሜትር እየለካ መለኪያውም ያነብባል፤ ከዚያ የሁለቱ ልዩነት በአግድም፣ የውኃው ከፍታ በቁም ይሳላል። ጤነኛ መሣሪያ ቀጥ ያለ የቁም መስመር ይሰጣል። ያዘነበለ መስመር የስኬል ስሕተት ነው፤ እንደ እንቁላል የተከፈተ ቅርጽ የሰዓት መዛነፍ ወይም የመዘግየት ምልክት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ግንብ ላይ መቀመጥን ይጠይቃል፤ ግን የሚነግርህን ሌላ ማንም አይነግርህም። በጣቢያው ሰነድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሙከራ መደረጉን ካየህ የያዙት ሰዎች ለሥራቸው የሚቆረቆሩ ናቸው በል።

አዲሶቹ መሣሪያዎችም ከችግር የጸዱ አይደሉም። በድምፅ የሚለኩት ቱቦ ውስጥ ድምፅ ልከው እስኪመለስ ይጠብቃሉ፤ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በሙቀት ይለወጣል። 5 ሜትር ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ከተገመተው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ስሕተት ይመጣል። በቀይ ባሕር ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ሥር የቆመ ቱቦ ቀን ላይ ምን እንደሚሆን አንተው ገምት። በግፊት የሚለኩት ሴንሰሮች ከጊዜ ብዛት ይንሸራተታሉ፤ የውኃውን ጨዋማነትም ማወቅ ይፈልጋሉ፤ የአየር ግፊት ካልተቀነሰላቸውም እያንዳንዱ ሄክቶ ፓስካል 1 ሳንቲ ሜትር ውኃ መስሎ ይታያል። ራዳር ከሁሉም ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ውኃውን አይነካም፣ አየሩም እምብዛም አያስቸግረውም። የትኛውም ቢሆን ግን የምትጠይቀው አንድ ነው፦ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ለስንት ጊዜ አብረው ሠሩ? አሮጌውን አርብ ነቅለው ሰኞ አዲሱን የተከሉበት ቦታ ላይ የመዝገቡን መስመር በእርሳስ ቁረጠው፤ እስኪረጋገጥ ድረስ ሁለት መዝገብ ነው።

ስለ ኤደን ጠይቀሃል፤ ይህ መዝገብ እኔንም ስለሚያሳስበኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በእኛ አካባቢ፣ ከጅቡቲ ማዶ፣ ወደ 1880 ገደማ የሚመለስ መዝገብ ያለው ይህ ወደብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኤደን ያኔ በብሪታንያ ሕንድ ሥር ስለነበረች ሕንድን የቀየሱት ሰዎች ናቸው መለኪያውን የተከሉት። ለአፍሪካ ቀንድ ባሕር ታሪክ እንዲህ ያለ ምስክር ሌላ የለንም። ክፍተቱ ብዙ ነው፣ እውነት ነው። ክፍተት ግን በራሱ የጥራት ጉድለት አይደለም። ክፍተቱ ከመጣ በኋላ መለኪያው ከቀድሞው ቤንች ማርክ ጋር ተገናኝቷል ወይስ አልተገናኘም? ከተገናኘ፣ በመቶ ዓመት ልዩነት ያሉ ሁለት ንጹሕ ቁርጥራጮች ከ30 ዓመት ያልተቋረጠ መዝገብ የበለጠ አዝማሚያውን ይነግሩሃል። ካልተገናኘ ግን የኋለኛው ቁራጭ ከፊተኛው ጋር በአንድ መስመር መታሰር የለበትም።

ሌላ የኤደን ወጥመድ ወቅት ነው። በኤደን ባሕረ ሰላጤ የነፋሱ አቅጣጫ ከወቅት ወቅት ስለሚገለባበጥ ባሕሩ በሐምሌና ነሐሴ ዝቅ፣ በበጋችን ወራት ከፍ ይላል። አንድ ዓመት ላይ የጠፉት ወራት የክረምቶቹ ቢሆኑ የቀሩት ተደምረው የሚሰጡህ አማካይ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። የሊቨርፑሉ ማዕከል ቢያንስ 11 ወር ካልተሟላ የዓመት አማካይ አያወጣም፤ ከ15 ቀን በላይ የጎደለበትን ወርም አይቀበልም። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ «ብዙ ዳታ ባከነ» ብለው በራሳቸው መንገድ ከስምንትና ዘጠኝ ወር አማካይ ይሠራሉ። አንተ እንዳታደርገው። ከፈለግህ በየወሩ የተለመደውን የወቅት ዑደት ቀንሰህ በወር ዳታ ሥራ፤ ያ ይቻላል።

ጎረቤት ማስመስከርም አስፈላጊ ነው። ሁለት ቅርብ ጣቢያዎችን አንዱን ከሌላው ስትቀንስ የጋራ የሆነው ማዕበል፣ ነፋስና ዑደት በአብዛኛው ይጠፋል። የቀረው መስመር ጠፍጣፋ ከሆነ ደስ ይበልህ። ደረጃ ካለበት ከሁለቱ የአንዱ ዜሮ ተነቃንቋል፤ ቀስ ብሎ ካዘነበለ መሬት እየሄደ ነው፤ ከአንድ ዓመት ጀምሮ መንቀጥቀጡ ከበዛ መሣሪያው አርጅቷል። የትኛው ጣቢያ እንዳጠፋ የሚፈርደው ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ኤደን በዚህ በኩል ብቸኛ ናት፤ ረጅም መዝገብ ያለው ሙምባይ በጣም ሩቅ ነው። ከ1993 ወዲህ ላለው ዘመን ግን የሳተላይት ከፍታ ልኬት እንደ ጎረቤት ያገለግልሃል። ምስክርነቱ በሁለቱም በኩል ይሄዳል፤ የዚህ ዘመን የመጀመሪያው ሳተላይት የቶፔክስ ልኬት ሲንሸራተት ያጋለጡት ወደብ ላይ ያሉት እነዚሁ አሮጌ መለኪያዎች ናቸው። ያለ እነሱ ስሕተቱን ማን ያየው ነበር?

መሬቱን ለማወቅ ዛሬ ከመለኪያው አጠገብ ቋሚ የጂፒኤስ አንቴና ይተከላል። አንቴናው የት እንደቆመ ግን ጠይቅ። ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ያለ አንቴና በሞላ አፈር ላይ የተሠራው የወደብ ግንብ እየሰጠመ ስለመሆኑ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሁለቱ በሌቨሊንግ መገናኘት አለባቸው። የበረዶ ዘመን ማስተካከያ ሞዴል ወስደህ ሁሉም ጣቢያ ላይ መለጠፍም አይበጅህም። ሞዴሉ ስቶክሆልምን ያስተካክልልሃል፤ የማኒላን የውኃ ጉድጓዶች ግን አያውቃቸውም። የመሬት መንቀጥቀጥን ደግሞ ምንም ሞዴል አይተነብይልህም፤ በ2011 ጃፓን ላይ አዩካዋ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ በአንድ ቀን 1.2 ሜትር ያህል ሰጥማለች። ጅቡቲም የቆመችው ምድር በሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ነው። በ1978 የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በአሳል ሐይቅና በጉቤት ባሕረ ሰላጤ መካከል ያለው መሬት በሜትር የሚቆጠር ስፋት ተከፍቷል። ወደፊት የጅቡቲን ዳታ የምትነካ ከሆነ የቤንች ማርኮቹን ልኬት ሳታይ አንድ መስመር እንኳ አታስምር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ዳታውን ከመጠን በላይ አትጠበው። የሳን ፍራንሲስኮን መዝገብ ብትስል 1983 እና 1998 አካባቢ ጉልህ ጉብታዎች ታያለህ፤ ኤልኒኞ ነው፣ እውነተኛ ውኃ ነው። ፕሮግራምህ «ከአማካዩ የራቀ» ብሎ ቢሰርዝብህ የተፈጥሮን ድምፅ ነው ያፈንከው። የምትሰርዘው ምክንያቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ የምትችለውን ብቻ ይሁን፤ ጥሬውንም ፋይል ሳትነካ አስቀምጥ።

እንግዲህ ለሦስቱ መዝገቦችህ የምመክርህ ይህ ነው። ስቶክሆልምን ያዝ፤ የመሬቱን መነሣት ቀንስና የቀረውን አሳይ። ማኒላን 1960ዎቹ ላይ ከፍለህ የመጀመሪያውን ክፍል ከቀሩት ጋር አወዳድር፤ ሁለተኛውን ደግሞ የከተማ መስጠም ምሳሌ አድርገህ የራሱን ምዕራፍ ስጠው። ኤደንን በየክፍተቱ ቆራርጠህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ነገር ጻፍ፦ የትኛው መሣሪያ ነበር፣ ከየትኛው ቤንች ማርክ ጋር ተገናኘ፣ የትኞቹ ወራት ጠፉ። ሦስተኛውን ከፋይሉ ራሱ ታወጣዋለህ። ሁለቱን ለማግኘት የማስታወሻውን ገጽና የቆዩ የሕንድ ቅየሳ ዘገባዎችን ማንበብ ይኖርብሃል፤ ጥቂት ሳምንት ይወስድብሃል። የቤንች ማርኮቹን ስምና ከፍታ በአንድ ሠንጠረዥ ካሰፈርክ በኋላ ላክልኝ፤ በየክፍተቱ ፊትና ኋላ ያለው ቁጥር መግጠም አለመግጠሙን አብረን እናየዋለን።